«ምንም አይሰማኝም» ያለችው ነፍሰ ጡር

እህቴን ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ይዤ በሄድኩበት ቀን፣ ከመጋረጃው ወዲያ የነበረችው ሴት የመጀመሪያ ልጇን በሰባት ወር ወልዳ እንዳልቆየላት ስትናገር ሰማሁ። አዋላጇ «ፈሳሽ አለሽ? ሽታ? ማሳከክ?» አለቻት። «ኧረ ምንም አይሰማኝም፣ ሲስተር።» ቀጠሮ ተሰጣትና ወጣች። ምንም ያልተሰማት ሁሉ ጤነኛ ናት ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

«እኛ የምናክመው የሚናገረውን በሽታ ነው» አለችኝ ብዙ ዓመት ያዋለደች ሌላ ነርስ። «ማይክሮስኮፑ እዚያው ላብራቶሪ አለ፤ ለወባና ለሰገራ ይውላል። ሴትዮዋ በሰባት ወሯ እንሽርት ውሃዋ ፈሶ ትመጣለች። ካርዷን ስገልጥ ‹ምልክት የለም› የሚል የራሴን ጽሑፍ አገኛለሁ። ያን ቀን እንቅልፍ የለኝም።»

ምልክት ሳይሰጥ የሚቆይ የብልት ኢንፌክሽን አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም አልፍሬድ ዶኔ ትሪኮሞናስ የተባለውን ተውሳክ በማይክሮስኮፕ ያየው እ.ኤ.አ. በ1836 ነው፤ ተውሳኩ ካለባቸው ሰዎች 70 በመቶ ያህሉ ምንም አይሰማቸውም። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ ተመራማሪዎቹ ጋርድነርና ዱክስ አሜሪካ ሂውስተን ውስጥ ዛሬ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የምንለውን የብልት ሕመም መረመሩ፤ ያገኙት ባክቴሪያ በኋላ በጋርድነር ስም ጋርድነሬላ ተባለ። በሴት ብልት የሚኖሩት ላክቶባሲለስ የተባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሲድ እያመነጩ ሌላውን ያርቃሉ። እነሱ ሲመናመኑ ሌሎቹ ይራባሉ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይም የብልት ሕዋሱ ጠርዝ እስኪጠፋ በባክቴሪያ ተሸፍኖ ይገኛል። ቫጂኖሲስ ካለባቸውም ግማሽ ያህሉ ምልክት የላቸውም። ያለ ጊዜው ከመውለድ ጋር እንደሚያያዝ ግን በተደጋጋሚ ታይቷል።

ታዲያ ለሁሉም ክኒን እንስጥ? አሜሪካ ውስጥ ቫጂኖሲስ ኖሮባቸው ምልክት በሌላቸው 1,953 እርጉዞች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ፤ ሜትሮኒዳዞል የተባለውን መድኃኒት ከወሰዱት 12.2፣ ካልወሰዱት 12.5 በመቶ ያለ ጊዜያቸው ወለዱ። ለውጥ የለም ማለት ነው። ትሪኮሞናስ በነበረባቸው ላይ በተደረገው ሙከራ ደግሞ መድኃኒቱን የወሰዱት ይበልጥ ያለ ጊዜያቸው ወለዱ።

በምጥ ሰዓት ወደ ሕፃኑ የሚተላለፈው ቡድን ቢ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ግን ሌላ ነው። እናትየው አይሰማትም፤ በምጥ ላይ በደም ሥር የሚሰጥ ፔኒሲሊን ግን ልጁን ያተርፋል። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ባክቴሪያ በመጀመሪያው ሳምንት የሚታመሙት ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ1,000 ወሊድ 1.8 ነበሩ፤ በ2015 ወደ 0.23 ወርደዋል። እኛ ዘንድ የዚህ ባክቴሪያ ምርመራ የመደበኛው ክትትል አካል አይደለም። ለምን እንዳልሆነ አንድ የጤና ኃላፊን ጠየቅኩ። «በጽሑፍ ያቅርቡ» አሉኝ፤ አቀረብኩ። መልስ አልመጣም።

ቢያንስ ከዚህ ቀደም ያለ ጊዜዋ የወለደች ሴት በሦስት ጥያቄ ብቻ መሸኘት የለባትም። አንቺም፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ካለሽ፣ ባትጠየቂም በመጀመሪያው ክትትል ተናገሪ። ውስጥሽን በሳሙና አትታጠቢ፤ ከፋርማሲም ራስሽ መርጠሽ መድኃኒት አትግዢ። ውሃ መሰል ፈሳሽ ከወረደሽ ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ሂጂ።