ለነርቭ ሕሙማን የሚሰጥ ርዳታ እንዳይቋረጥ

ምጽዋት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በአንድ ቀን ተሰጥቶ በአንድ ቀን የሚፈጸም ነው፤ ይኸውም ለተራበ እንጀራ፣ ለታረዘ ልብስ እንደ መስጠት ያለው ነው። ሁለተኛው ግን አንድ ጊዜ ከተጀመረ በኋላ ሊቋረጥ የማይገባው፤ ቢቋረጥም ጉዳቱ የሚከፋው ነው። ለአንጐልና ለነርቭ ሕሙማን የሚደረገው ርዳታ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ይቈጠራል። ስለዚህ በጉራጌ ምድር፣ በቡታጅራና በወልቂጤ፣ እነዚህ ሕሙማን የሚታከሙበትና በሽታቸው የሚመረመርበት ቤት እንዲቋቋምና እንዲጠነክር የሚሹ ሁሉ፤ ገንዘባቸውን ከመስጠታቸው አስቀድሞ የነገሩን ጠባይ ማወቅ ይገባቸዋል።

ቡታጅራ በዚህ ጉዳይ ስሟ በውጭ አገር ሐኪሞች ዘንድ ሳይቀር የታወቀ ከተማ ናት። በ1986 በኤውሮፓ አቆጣጠር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድን አገር ከኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋራ ሆኖ፤ በከተማይቱና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን እየተከታተለ የሚመዘግብ የጤና ጥናት አቆመ። በዚያው ዘመን ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የነርቭ ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋራ በመስቃንና በማረቆ ወረዳ ቤት ለቤት እያስዞሩ የ60,820 ሰዎችን ሁኔታ አስጠየቁ፤ ምልክት የታየባቸውንም በሐኪም አስመረመሩ። በ1990 በዚያው አቆጣጠር የታተመው የምርመራው ውጤት እንደሚያስረዳው፤ የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች ተገኙ። ይህም ከሺህ ሰው 5.2 መሆኑ ነው። በሽታው በብዛት የታየው ከ10 እስከ 19 ዓመት ባለው ዕድሜ፤ ማለት ልጅ ትምህርት በሚማርበትና ሥራ በሚለምድበት ጊዜ ነው። ከዚህም ሌላ በፖሊዮ ምክንያት እጅ እግራቸው የሰለለ፣ በሥጋ ደዌም ምክንያት ነርቫቸው የደነዘዘ ሰዎች ተገኝተዋል።

ከቍጥሩ ሁሉ የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ከእነዚያ ሰዎች መካከል በሐኪም የታወቀውን መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት ከመቶ 1.6 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከ316ቱ አምስት ያህል ሰዎች መሆናቸው ነው። የቀሩት ግን መድኃኒት በዓለም ላይ መኖሩን ሳያውቁ፤ ያወቁም ቢሆኑ ሳያገኙት ይኖሩ ነበር።

የሚጥል በሽታ በአንጐል ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሥራ ለጊዜው ሲታወክ የሚመጣ የአካል ሕመም ነው። በለሃጭም ሆነ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ይተላለፋል ብሎ ስለሚፈራ፤ የወደቀውን ሰው ከመደገፍ ይልቅ ይሸሻል፤ ወይም ክብሪት ጭሮ ጢሱን ያሸትተዋል። ጢሱ አያድንም፤ መሸሹ ግን ይገድላል። በየቤቱ እሳት በመሬት ላይ በሚነድበት አገር ሰው ምድጃ ዳር ወድቆ፤ አጠገቡ ያሉት ሊነኩት ስለ ፈሩ ብቻ እጁ ወይም ፊቱ ይቃጠላል። የወደቀውን ከእሳትና ከውሃ ማራቅ፣ በጐኑ ማስተኛት፣ በአፉ ምንም ነገር አለመክተት፣ እስኪነቃም አጠገቡ መቈየት፤ ይህ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቅ ርዳታ ነው። መንፈራገጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ግን ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

መድኃኒቱም ቢሆን ውድ አይደለም። ፌኖባርቢታል የሚባለው ኪኒን ለዚህ በሽታ መዋል ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፤ ከሕሙማኑ ከመቶ እስከ 70 የሚሆኑት ተገቢውን መድኃኒት ቢያገኙ መውደቃቸው ሊቀርላቸው ይችላል። ነገር ግን መድኃኒቱ በየቀኑ፣ ለብዙ ዓመት የሚወሰድ ነው። በድንገት የተቋረጠ እንደሆነ በሽታው ከፊተኛው ይልቅ በርትቶ ሊመለስ፤ ሕመምተኛውም ሳይነቃ በላይ በላዩ እየጣለው ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ ለስድስት ወር መድኃኒት አድሎ በሰባተኛው ወር ዕቃ ቤቱን ባዶ የሚተው በጎ አድራጎት፤ መልካም ቢያስብም ሕመምተኛውን ከባድ አደጋ ላይ ይጥለዋል። ይህን የመሰለ ርዳታ ቤት ከማሠራትና በበሩ ላይ የሰጪን ስም ከመጻፍ ይልቅ፤ በየወሩ ሳይጐድል የሚገባ መዋጮን ይሻል።

በወንጌል የተጻፈው ደጉ ሳምራዊ በወንበዴ የተደበደበውን ሰው ቍስሉን አስሮ ብቻ አልተወውም። ወደ እንግዶች ማደሪያ አደረሰው፤ ለጠባቂው ገንዘብ ሰጠ፤ ከዚያም በላይ የሚወጣውን ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ። የርኅራኄው ፍጻሜ በዚህ ቃል ላይ ነው። በእስልምናም ሃይማኖት ገንዘብን ወይም ቤትን ወቅፍ አድርጎ፤ ፍሬው ብቻ ለችግረኛ ለዘወትር እንዲውል መተው የቈየ ሥርዓት ነው። ሁለቱ ሃይማኖቶች ጐን ለጐን በሚኖሩበት በጉራጌ አገር ይህ ለማንም እንግዳ ነገር አይሆንም።

የጉራጌ ሕዝብ ደግሞ ለጋራ ሥራ መዋጣትን ከሌላ ሊማር አያስፈልገውም። በየመንደሩ መካከል የሚዘረጋው ጀፎረ ማንም ለብቻው የማያርሰው፣ ማንም የማያጥረው የሁሉ መንገድና የሁሉ ሜዳ ነው። በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት የአገሩ ተወላጆች ከንግዳቸውና ከደመወዛቸው እያዋጡ ማኅበር አቁመው መንገድ አሠርተዋል። በወልቂጤ አቅራቢያ በእናቶች ሕክምና ስሙ የታወቀውን የአጣጥ ሆስፒታል የካቶሊክ ደናግል ሐኪሞች በ1969 በኤውሮፓ አቆጣጠር መሥርተውታል። በቡታጅራም ፕሮፌሰር ረዳ ያቋቋሙት የግራርቤት ተሐድሶ ማኅበር ለዓይን ሕሙማንና ለአካል ጉዳተኞች በበጎ አድራጎት ርዳታ ሲሠራ ኖሯል። በነርቭ ጥናት የተጀመረው ድካም ወደ ሕሙማኑ መርጃ እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

አንዳንድ ሰው፤ ገንዘቡ ሁሉ ለመድኃኒት ይዋል እንጂ ለምርመራና ለጥናት ምን ያደርጋል? ይል ይሆናል። ነገር ግን ከ316ቱ ሕሙማን አምስት ያህሉ ብቻ መታከማቸው የታወቀው በጥናት ነው። ያልተቈጠረ ሕመምተኛ በማንም በጀት ውስጥ አይገባም። ከ2011 እስከ 2019 በኤውሮፓ አቆጣጠር በሶዶ ወረዳ የተካሄደው ሥራም፤ በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና ጤና መኰንኖች ቢሠለጥኑ የሚጥል በሽታን ጭምር ለማከም እንደሚችሉ አሳይቷል። ይህም ታላቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በልዩ ማሠልጠን የተጀመረው ገና በ2006 በዚያው አቆጣጠር ስለ ሆነ፤ ለየወረዳው አንድ አንድ ሐኪም ለማዳረስ ብዙ ዘመን ይጠይቃል። በአንጻሩም የተቈጠረውን ሰው ቈጥሮ ብቻ መተው አይገባም። ስሙን ለመዝገብ፣ ሕመሙን ለመጽሐፍ የሰጠ ችግረኛ መድኃኒቱን ለማግኘት ባለመብት ነው።

እንግዲህ የሚሰጠው ገንዘብ በምን ላይ ይዋል ቢባል መልሱ የተሰወረ አይደለም። አንደኛ፤ የመድኃኒቱ ዕቃ ቤት ቢያንስ የብዙ ወር ስንቅ እንዲይዝ ነው። ሁለተኛ፤ ከሩቅ ገጠር የሚመጣው ድኻ የመንገዱን ኪራይ በማጣት እንዳይቀር ነው። ሦስተኛ፤ በየጤና ጣቢያው የሚሠሩትን ማሠልጠን፣ የከበደውንም ሕመምተኛ በቡታጅራና በወልቂጤ ወዳሉት ሆስፒታሎች ማድረስ ነው። አራተኛ፤ መዝገቡ ሳይቋረጥ እንዲጠበቅና ሒሳቡ በየዓመቱ ለሰጪዎች እንዲነበብ ነው። ሒሳብ ያልተነበበለት መዋጮ ዕድሜው አጭር ነው። ዕድሮችም ለቀብር እንደሚያዋጡ ሁሉ፤ ከየወሩ ገንዘብ ጥቂት ቀንሰው ለሕያዋኑ ሕሙማን ቢያውሉ ሳይደክሙ ታላቅ ሥራ ይሠራሉ።

የመንግሥት ሹማምንት ድርሻ መድኃኒቱ በየወረዳው በበጀት እንዲያዝና ከግምጃ ቤት ሳይታጣ እንዲከፋፈል መቈጣጠር ነው። የዓለም መንግሥታት በ2022 በኤውሮፓ አቆጣጠር ስለ ነርቭ በሽታዎች እስከ 2031 የሚደርስ የሥራ ዕቅድ አጽድቀዋልና፤ ይህ ምጽዋት ብቻ ሳይሆን የተገባ ቃልም ነው። የካህናቱ ድርሻ ደግሞ ከገንዘብ ይበልጣል። ሕመምተኛው ወደ ጠበል ሲመጣ ኪኒኑን ይዞ እንዲመጣ፤ ጠበሉን ሲጠጣም መድኃኒቱን እንዳይተው አንድ ቃል ቢናገሩ፤ ብዙ ሐኪም ሊያድነው ያልቻለውን ነፍስ ያድናሉ። የመስጊድ መሪዎችም በበኩላቸው እንዲሁ ቢያስተምሩ፤ በሽታውን ከመደበቅና ሕመምተኛውን ከማግለል ሕዝቡ ይመለሳል።

ሽባውን ሰው ለአራት ተሸክመው ወደ መድኃኒቱ ያደረሱት ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም። ከአራቱ አንዱ በመንገድ ላይ ደክሞት ቢለቅቅ ኖሮ ግን አልጋው ይወድቅ ነበር። ሐኪሙ፣ ሹሙ፣ ካህኑና ባለጸጋው ይህን አልጋ በአንድነት ተሸክመዋል፤ ማንም እጁን እንዳይለቅቅ ይጠበቅበታል።