ከዝላይ በኋላ አስተራረፍን በማረም ጉልበትን ከጉዳት መጠበቅ

ሴት ልጅዎ እግር ኳስ፣ መረብ ኳስ ወይም ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች? በጉልበት ውስጥ ያለው ኤሲኤል የተባለው ጅማት ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ማንም ሳይነካት፣ ዘላ ስታርፍ ወይም በድንገት አቅጣጫ ስትቀይር ነው። ሴቶች ደግሞ ከወንዶች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው።

ጥሩ አስተራረፍ በልምምድ ይገኛል። ነገር ግን ተጫዋቿ ስታርፍ የራሷን ጉልበት አታይም፤ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። ስትዘል ከፊት ለፊቷ ሆነው በስልክዎ ይቅረጿትና አብራችሁ ተመልከቱ። ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ ይጠጋሉ? ሳይታጠፉ ታርፋለች? ከዚያ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይንገሯት፤ ለምሳሌ «ኮቴሽ ሳይሰማ እረፊ»። ይህን ለማድረግ ጉልበቷንና ዳሌዋን ማጠፍ ይኖርባታል። በሳምንት ቢያንስ 2 ጊዜ፣ ሰውነት በሚሟሟቅበት ሰዓት ይለማመዱት።

ጉልበቷ ድንገት «ቋ» ካለና በሰዓታት ውስጥ ካበጠ ጨዋታ አቁማ ሐኪም ይያት።