ቁልፉ በእጃችን፣ ቀዳዳው የት?

ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው የጓጉንቸር ነገር ነው። «ስለ ጓጉንቸር ደግሞ ምን ይወራል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ግን ሁላችንም ዞር ብለን ቤታችንን እንይ። የስደተኛ መታወቂያው፣ የራሽን ካርዱ፣ የልጆች የልደት ወረቀት፣ ከአገር ቤት ይዘናት የወጣናት አንዲት ፎቶግራፍ የት ነው ያሉት? ሣጥን ውስጥ። ሣጥኑን የሚጠብቀውስ ማን ነው? በጥቂት መቶ ፍራንክ የተገዛ ጓጉንቸር። እንግዲያው ስለ እሱ ትንሽ ማወቅ አይከፋም። በተለይ ደግሞ ጓጉንቸር ሁለት ዓይነት መሆኑን ልንነግራችሁ እንወዳለን፤ አንደኛው ለመጠበቅ የተሠራ ነው፣ ሌላው ለመጫወት። ሁለቱን ያምታታ ሰው ዋጋ ይከፍላል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ገበያው ላይ ያየነው

ባለፈው ሰሞን ለጉዳይ ወደ ጅቡቲ ከተማ ወርደን ነበርና ማዕከላዊ ገበያን ዞር ዞር አልንበት። ሰፈሩን የማያውቅ ጥቂት ነው። በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ አለ፣ የማህሙድ ሐርቢ አደባባይ አለ፣ ቁጭ ብለው ገንዘብ የሚመነዝሩት ሴቶች አሉ። አደባባዩ ድሮ «ፕላስ ራምቦ» ነበር የሚባለው፤ ሐረር ይኖር በነበረው ፈረንሳዊ ባለቅኔ ስም መሆኑ ነው። ጓጉንቸር ለመግዛት ቋንቋ አይቸግርም። ዓረቡ «ቁፍል» ይለዋል፣ ሶማሌው «ቁፉል»፣ በፈረንሳይኛ «ካድና»። የእኛም «ቁልፍ» ከዓረቡ ጋር ሲተያይ ፊደሎቹ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ያው ናቸው።

የሚስማርና የብረታ ብረት ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች በአንዱ ባለሱቁ አዛውንት የምንፈልገውን ካቀረቡልን በኋላ ከመሳቢያቸው አንድ የቆየ የናስ ጓጉንቸር አወጡና ከነቁልፉ ሰጡን። «ክፈቱት፣ ሻይ በእኔ ነው» አሉ። ይሸጣሉ ወይ ብንላቸው አይሸጥም። እኛ ሦስት ሰዎች ተቀባበልነው። ቁልፉ አለ፣ ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ ግን የለም! ፊቱን አየን፣ ጀርባውን አየን፣ አራገፍነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ከታገልን በኋላ ከመካከላችን አንዱ «ከእነዚህ ሪቬቶች አንዷ ከሌሎቹ ይልቅ ታበራለች» አለ። ለምን ታበራለች? ጣት ስለሚነካት ነዋ! ከዚያ በኋላ የሆነውን አንነግራችሁም፤ እንዳንናገር ሽማግሌው አስምለውናል። ሻዩን ግን ጠጣን።

እንቆቅልህ? ምን አውቅልህ!

እንዲህ ያለው ዕቃ የእንቆቅልሽ ጓጉንቸር ሊባል ይችላል። በሕንድ አገር የታወቀ ሙያ ነው። በሰሜን አሊጋር፣ በደቡብ በታሚል ናዱ ክፍለ ግዛት የምትገኘው ዲንዲጉል በጓጉንቸር ሥራ ስም ያተረፉ ከተሞች ናቸው። የዲንዲጉል ጓጉንቸር በእጅ የሚሠራ ሲሆን በ2019 የሕንድ መንግሥት የአካባቢው ልዩ ምርት መሆኑን መዝግቦ ስሙን በሕግ አስጠብቆለታል።

ተንኮሉ ብዙ ዓይነት ነው። አንዳንዱ የቁልፉን ቀዳዳ በሚንሸራተት ክዳን ይሸፍነዋል። አንዳንዱ ሁለትና ሦስት ቁልፍ አለው፤ በተራ ካልገቡ አይሠሩም። አንዳንዱ ቁልፉ እንደ ብሎን እየተጠመዘዘ ነው የሚገባው። ሌላው ደግሞ ካልተገለበጠ ወይም ካልተዘቀዘቀ አይላቀቅም፤ ውስጡ የሚንከባለል ነገር አለ። ቁልፍ የሌለው፣ በፊደል ወይም በቁጥር የሚገጥም የሚስጥር ጓጉንቸርም አለ። ይህኛው አዲስ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በዲያርባክር ቤተ መንግሥት ይሠራ የነበረው መሐንዲስ አል ጀዘሪ በ1206 በጨረሰው መጽሐፉ አራት መዘውሮች ያሉት የሣጥን መቆለፊያ እንዴት እንደሚሠራ ጽፏል። በዘመናችን ደግሞ ራይነር ፖፕ የሚባል ጀርመናዊ ለጨዋታ ብቻ የሚሆኑ ከባድ ጓጉንቸሮችን እየሠራ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰብሳቢዎች ይሻሙባቸዋል።

ሰብሳቢዎች የራሳቸው ደንብ አላቸው። መዶሻ፣ ጉጠት፣ ሰጌቶ ክልክል ነው። ጉልበት ያስፈለገ ከመሰላችሁ መንገዱን ስታችኋል ማለት ነው። መጀመሪያ በዓይን ይታያል፣ ሪቬትና ብሎኑ ይቆጠራል፣ የትኛው እንደሚነቃነቅ ይሞከራል። ጆሮ ላይ ተይዞ ቀስ ተብሎ ይዘቀዘቃል። የተሞከረው ሁሉ ይታወሳል፤ ያለዚያ ሰው ሲዞርበት ይውላል። የከፈተ ሰው ደግሞ መልሶ መዝጋቱን ማወቅ አለበት፤ ያልዘጋው እንደፈታው አይቆጠርም። ከሁሉም በላይ ሚስጥሩ ለሌላ አይነገርም።

እዚህ ላይ የእኛ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ትዝ ይላል። በእኛ ወግ ያልቻለ ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አንድ ከተማ ይሰጥና መልሱ ይነገረዋል። እኛም በገበያው ውስጥ ለሽማግሌው ይህን ነግረናቸው ነበር። «ታዲያ የትኛውን አገር ትሰጡኛላችሁ?» ቢሉን ተያየን። በእጃችን ስለሌለ ነገር ስንጠየቅ መሳቅ እንጂ ሌላ ምን እንላለን? ስለዚህም መፍታቱን መረጥን።

ሚስጥር አንድ ጊዜ ነው

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ይህን የመሰለ፣ ሦስት ሰው ግማሽ ሰዓት የታገለበት ጓጉንቸር፣ ለወረቀታችን ሣጥን ቢሆን አይሻልም ወይ? አይሻልም! ምክንያቱም የእንቆቅልሽ ጓጉንቸር ኃይሉ ያለው ሌላው ሰው አለማወቁ ላይ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ስትከፍቱ ያየ የጎረቤት ልጅ ዕድሜ ልኩን ይከፍተዋል። ቁልፍ ቢጠፋ ጓጉንቸር ይለወጣል፤ የታወቀ ሚስጥር ግን ተመልሶ አይደበቅም።

የደህና ጓጉንቸር ጠባይ ሌላ ነው። አሠራሩ ቢታወቅም አይከፈትም። ጆሴፍ ብራማ የተባለው የለንደን ቁልፍ ሠሪ የመቆለፊያውን አሠራር በ1784 በፓተንት አስመዝግቧል፤ ማንም ሊያነበው ይችል ነበር። በ1790 ደግሞ አንዱን ጓጉንቸር በሱቁ መስኮት ላይ አኖረና «ይህን የሚከፍት መሣሪያ ለሠራ 200 ጊኒ» ብሎ ጻፈበት። ከ60 ዓመት በላይ የሚከፍተው አልተገኘም። በመጨረሻ በ1851 ኤ. ሲ. ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ ለ16 ቀናት እየተመላለሰ፣ በድምሩ 51 ሰዓት ያህል ሠርቶ ከፈተው። የዚህ ዓይነት ወሬ ሌባ ያስተምራል ብለው የተቆጡ ነበሩ። ሆብስ ግን ሌባውማ ድሮም ያውቃል፣ የማያውቀው ባለንብረቱ ነው የሚል ሰው ነበር። እኛም ይህን የምንጽፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ራሳችን ገበያ ስንመለስ፣ ሦስት ቁጥር ያለው የሻንጣ ጓጉንቸር ብዙ ሰው ይወዳል። ሒሳቡን እንሥራው። ከ000 እስከ 999 ያለው 1000 ቁጥር ነው። አንዱን ለመሞከር 2 ሰከንድ ቢፈጅ ሁሉንም ለመጨረስ 2000 ሰከንድ፣ ማለትም 33 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። እናንተ ውኃ ቀድታችሁ እስክትመለሱ አለቀ ማለት ነው። አራት ቁጥር ከሆነ ግን 10,000 ነው፤ በዚያው ፍጥነት አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። አንዲት ቁጥር ስንት እንደጨመረች ተመልከቱ።

ስትገዙ ይህን ልብ በሉ

አንደኛ፣ ማግኔት ካገኛችሁ አስጠጉት። ቢጫ የተቀባ ብረት ከሆነ ማግኔቱ ይይዘዋል፣ ናስ ከሆነ ግን አይዘውም። የባሕሩ ጨዋማ አየር ብረትን ቶሎ ያዝጋል፤ ናስ ይሻላል። ላይኛው ቅስት ግን ጠንካራ ብረት መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ ከአንድ ዓይነት ሁለት ሦስት አስወጡና የአንዱን ቁልፍ በሌላው ሞክሩ። ርካሽ የሆኑት ጥቂት ዓይነት ቁልፍ ብቻ ስለሚኖራቸው የእናንተ ቁልፍ የሰው፣ የሰውም የእናንተን ሊከፍት ይችላል።

ሦስተኛ፣ ቁልፉ አልዞር ሲል የምግብ ዘይት አታፍሱበት። አቧራ ይሰበስብና ይባስ ይደርቃል። የእርሳስ ዱቄት ፋቅ ፋቅ አድርጋችሁ ቁልፉ ላይ ብትነሰንሱ ይሻላል።

አራተኛ፣ ማንጠልጠያውን ተመልከቱ። ማንጠልጠያው በሁለት አጭር ሚስማር ከተያዘ ጓጉንቸሩ ምን ቢጠነክር ዋጋ የለውም።

ለልጆች የሚሆን ሥራ

ጨዋታውንም አንተወውም። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሥራ የሚፈቱ ወጣቶች በአሮጌ ጣውላ ሊሠሩት የሚችሉት የእንቆቅልሽ ሣጥን ይኸውላችሁ።

ክዳኑ በቦይ ውስጥ እየተንሸራተተ የሚከፈት ትንሽ ሣጥን ሥሩ። ከክዳኑ በላይ፣ በአንዱ ጫፍ ወፈር ያለ እንጨት አግድሙ። በዚያ እንጨት ከሥሩ ወደ ላይ ጥልቅ ቀዳዳ ቦርቡሩ፤ ወደ ውጭ ግን እንዳይወጣ። ራሱ የተቆረጠ ሚስማር ጨምሩበት፤ ሚስማሩ ከቀዳዳው ጥልቀት ይጠር፣ እንደ ልቡም ይንሸራተት። ክዳኑ ሲዘጋ በትክክል ከሥሩ በሚውልበት ቦታ ክዳኑ ላይ አጭር ቀዳዳ አድርጉ። አሁን ሣጥኑ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ሚስማሩ በክብደቱ ወርዶ ግማሹ ክዳኑ ውስጥ፣ ግማሹ ከላይ ይሆናል፤ ክዳኑ አይነቃነቅም። ሣጥኑ ሲገለበጥ ሚስማሩ ወደ ቀዳዳው ይመለስና ክዳኑ ይንሸራተታል። ሰው ደግሞ ዕቃ ይፈስብኛል ብሎ ስለሚፈራ ሣጥን አይገለብጥም!

ይህች ትንሽ ሚስማር ታሪክ አላት። የጥንት ግብፃውያን የእንጨት መቆለፊያም በክብደታቸው የሚወርዱ ዘንጎች ነበሩት፤ ባለ ጥርስ የእንጨት ቁልፍ ከሥር ገብቶ ያነሣቸው ነበር። አሜሪካዊው ላይነስ ዬል ልጁ በ1860ዎቹ ዘንጎቹን አሳንሶ፣ በሞላ እየተገፉ እንዲሠሩ አድርጎ፣ ዛሬ በየኪሳችን ያለውን ጠፍጣፋ ቁልፍ አመጣ። ልጆቻችን ሣጥኑን ሲሠሩ የሚማሩት ይህንኑ ነው።

አደራ የምንለው ግን አለ። የራስን ወይም ለጨዋታ የቀረበን መፍታት ጥበብ ነው፤ የሰውን መክፈት ሌብነት ነው። በሣጥኑም ውስጥ ከረሜላ ይቀመጥበት እንጂ መታወቂያ አይቀመጥበት። መታወቂያው ጎረቤት ሁሉ አሠራሩን ቢያውቅ እንኳ በማይከፈት በደህናው ጓጉንቸር ይጠበቅ።

ሣጥኑን ሠርታችሁ ከጨረሳችሁ ወደ እኛ አምጡትና እንሞክረው። ካቃተን አገር እንሰጣለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።