በእንዶድ ልብስ አጥቦ ስለ መተዳደር

ልብስ አጥቦ መኖር በብዙዎች ዘንድ እንደ ዝቅተኛ ሥራ ይቆጠራል። እኛ ግን በላብ የተገኘ እንጀራ ሁሉ የተከበረ ነው እንላለን። በዋግ ኽምራ፥ በሰሃላም ሆነ በሰቆጣ፥ ይህን ሥራ ለመጀመር የምታስብ እናት ብዙ ጥሪት አያስፈልጋትም፤ ሳፋ፥ ንጹሕ ውሃና እንዶድ ይበቃታል። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ሲመታ አረፋ ያወጣል፤ ነጠላንና ጋቢንም ያነጣል።

አጠባን የሚንቅ ሰው የዓድዋን ነገር ያስታውስ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ፥ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድ ብልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል መሆኑ በዚህ ምክንያት ተመረመረ። ነገር ግን ዓሣንም ስለሚገድል፥ እጣቢው ወደ ወንዝ መፍሰስ የለበትም፤ ዱቄቱም ከዓይንና ከሕፃናት ይራቅ።

ሥራውን የሚያጸናው እምነት ነው። አጣቢዋ ልብሱን ስትቀበል በባለቤቱ ፊት ትቁጠር፤ ቀዳዳ ቢኖር ያን ጊዜውኑ ታሳይ፤ ቀጠሮዋንም ታክብር። ዋጋ ስትቆርጥ የእንዶዱንና የውሃውን ወጪ ብቻ ሳይሆን የራሷን ድካም ታስብ፤ አለዚያ እየሠራች ትከስራለች። የሥራውንም ገንዘብ ከቤቱ ወጪ ለይታ ታኑር።

እኛ አሳጣቢዎችስ? ዋጋዋን «ነገ ነይ» ብለን አናሳድር። የእኛ ልብስ ነጽቶ የእርሷ ልጆች ጾማቸውን ቢያድሩ፥ ንጽሕናችን ከልብስ አላለፈም።