በሞቶር ቢስክሌት ባዕድ አገርን ስለ መጐብኘት

መንገድ ሰውን ይመረምራል። በቤቱ ሳለ ብርቱ የሚመስል ሰው፥ ለአገሩ እንግዳ ለሰዉ ባዳ ሆኖ በተገኘ ጊዜ፥ ብርታቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ይታወቃል። በባቡር የሚሄድ መንገደኛ አገሩን በመስኮት አይቶ ያልፋል፤ በሞቶር ቢስክሌት የሚሄደው ግን ፀሓዩንና ዝናሙን ከባላገሩ ጋራ እኩል ይቀበላል፤ በየመንደሩም ቆሞ ውሃና መንገድ ይጠይቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ጕዞ አገርን አጥብቆ የሚያሳውቅ ነው፤ አደጋውም የዚያኑ ያህል ነው። ልጆቻቸው ለእንዲህ ያለ ጕዞ ሲነሣሡ፥ ልፍቀድ ወይስ ልከልክል እያሉ የሚጨነቁ አባቶችና እናቶች ስላሉ፥ በዚህ ገጽ የሁለት እንግሊዛውያት ወይዛዝርትን ታሪክ ልናቀርብላቸው ወደድን።

ወይዘሪት ቴሬዛ ዋላክና ወይዘሪት ፍሎረንስ ብሌንኪሮን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በዲሴምበር 11 ቀን 1934 ከሎንዶን ተነሡ። አሳባቸውም የአፍሪቃን ምድር ከሰሜን እስከ ደቡብ አቋርጠው ኬፕታውን ለመድረስ ነበረ። የነዱት ፓንተር የሚባል፥ በእንግሊዝ አገር በዮርክሺር የተሠራ፥ የሞቶሩ መጠን 600 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነ ሞቶር ቢስክሌት ነው። በጎኑ ባለ አንድ ጐማ መቀመጫ ተያይዞለት ነበር፤ በስተኋላውም ዕቃ የተጫነበት ትንሽ ጋሪ ይጐትት ነበር።

ይህን የሰማ ሰው ሁለቱ ወይዛዝርት በድፍረት ብቻ የወጡ ይመስለው ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ወይዘሪት ዋላክ በሎንዶን በሚገኘው በኖርዝሃምፕተን ፖሊቴክኒክ የመሐንዲስነትን ትምህርት ተምራለች። ወይዘሪት ብሌንኪሮንም በዚያው በ1934 ዓ.ም. በብሩክላንድስ የእሽቅድምድም ሜዳ በሰዓት ከ100 ማይል ማለት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነድታ፥ የሜዳውን የወርቅ ኮከብ ከሴቶች ሁሉ አስቀድማ የተቀበለች ናት። እንግዲህ ከቤታቸው ከመውጣታቸው በፊት አንደኛዋ የሞቶርን ጠባይ በትምህርት፥ ሁለተኛዋም በአነዳድ ጠንቅቀው ዐውቀውት ነበር።

ፈረንሳይን አቋርጠው፥ ባሕሩን ተሻግረው አልጄሪያ ከደረሱ በኋላ ሰሐራ በረሃ ገቡ። በፊታቸው የተጠረገ ጐዳና አልነበረም፤ ከኋላቸውም የሚከተል ረዳት አልነበረም፤ የአቅጣጫ መምሪያ ኮምፓስ እንኳ አልያዙም ነበር። ሦስት ጐማ ያለው መኪና ጋሪ እየጐተተ በአሸዋ ላይ ሲሄድ፥ ጐማው በሰጠመ ቍጥር ወርዶ አሸዋውን መዛቅና መግፋት ግድ ነው። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ሞቶሩ የተበላሸ ጊዜ ነው። በበረሃ መካከል የቆመ ሞቶር ከብረት ክምር አይለይም፤ በአጠገቡ የቆመው ሰው ሕይወት የሚለካው ባለው ውሃ ነው። እነርሱ ግን ሞቶሩን ከሥሩ ፈትተው እንደ ገና ሠሩት። በዚያን ጊዜ በትምህርት ቤት የዋለው ጊዜ ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ ተገለጠ።

ከዚህ በኋላ በናይጄሪያ፥ ያን ጊዜ በቤልጂግ ይገዛ በነበረው በኮንጎ፥ በምሥራቅ አፍሪቃም በኩል አልፈው፥ ዛሬ ዛምቢያና ዚምባብዌ የሚባሉትን አገሮች ተሻግረው፥ በጁላይ 29 ቀን 1935 ኬፕታውን ገቡ። በእኛ አቆጣጠር መነሻውም መድረሻውም በ1927 ዓ.ም. ውስጥ መሆኑ ነው። ወይዘሪት ዋላክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ጦር በሞቶር ቢስክሌት መልእክት ስታደርስ ቈየች፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄዳ፥ በ1973 በፊኒክስ ከተማ ሞቶር ቢስክሌት መንዳት የሚማሩበትን ትምህርት ቤት አቋቋመች። በ90 ዓመቷ በ1999 ዐረፈች።

ከታሪኩ ለመንገደኛም ለወላጅም የሚሆን ምክር እናገኛለን። አንደኛ፥ ጐማ መለጠፍን፥ ሰንሰለት ማጥበቅን፥ ሻማ ማውጣትና ማጽዳትን በቤቱ ያልተማረ ሰው በበረሃ አይማረውም። በአሸዋ ላይ የጐማውን ነፋስ ጥቂት መቀነስ፥ ጐማው ሰፍቶ እንዳይሰጥም እንደሚረዳ፥ ወደ ደረቅ መንገድ ሲመለሱም እንደ ገና መንፋት እንደሚገባ አስቀድሞ ይወቅ። ሁለተኛ፥ ወራቱን ይምረጥ። ሁለቱ ወይዛዝርት በክረምታቸው መነሣታቸው የሰሐራን የበጋ ሐሩር አስቀርቶላቸዋል። ሦስተኛ፥ የአገሩን ሥርዐት ይጠይቅ። ከኢትዮጵያ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ የሚሻገር ሰው፥ እስከ ድንበሩ በመንገዱ ቀኝ ሲነዳ ቈይቶ ከድንበሩ በኋላ በግራ ይነዳል፤ ይህን ለአንዲት ደቂቃ የዘነጋ ሰው ሕይወቱን ያጣል። አራተኛ፥ የመንገድ ጓደኛውን በደስታ ቀን ሳይሆን በድካም ቀን አይቶ ይምረጥ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን፥ ባዕድ አገርን ለማየት በጠየቀ ጊዜ፥ ከመፍቀድና ከመከልከል በፊት «ሞቶሩ ቢቆም ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው ስንቁን አዘጋጁለት፤ መልስ ከሌለው ደግሞ ጕዞውን ሳትነቅፉ፥ ከዐዋቂ ሠራተኛ ዘንድ አንድ ዓመት ይማር ዘንድ ስደዱት። ሞቶር ቢስክሌቱን ለመግዛት ገንዘብ ይበቃል፤ በሰላም ለመመለስ ግን የእጅ ዕውቀትና ትዕግሥት ያስፈልጋል።