ለአሮጌውም ለአዲሱም ኮምፒውተር የሚኾን የዲስክ መጻፊያ እንዴት ይመረጣል?

ባሕር ዳር፦ በጣና ሐይቅ የክብራን ገብርኤል ገዳም የሚገኘው የብራና ወንጌል በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የተጻፈ ነው። 600 ዓመት ገደማ ቢያስቆጥርም ግእዝ የሚያውቅ ሰው ገልጦ ያነበዋል፤ ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም። ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በፊት በሲዲ እና በዲቪዲ የተቀመጠ የሠርግ ፊልም፣ የአርሶ አደሮች ሥልጠና ቪዲዮ ወይም የጽሕፈት ቤት ሰነድ ግን ማንበቢያ ማሽን ከሌለው አገልግሎት አይሰጥም።

አብዛኞቹ አዳዲስ ላፕቶፖች የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም። በነባሮቹ ዴስክቶፖች ላይ ያለው ማስገቢያ ደግሞ በአቧራ እና በዕድሜ ብዛት ማንበብ ያቅተዋል። ለሁለቱም መፍትሔ የሚኾነው በዩኤስቢ ገመድ የሚሠራው ውጫዊ የዲቪዲ መጻፊያ፣ በተለምዶ አጠራሩ ዲቪዲ ራይተር ነው። በግዥ ወቅት ዋናው መመዘኛ መሣሪያው ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር መስማማቱ ነው። ለአሮጌው የሠራ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ለአዲሱም ይሠራል፤ የአዲሱ ግን ለአሮጌው ላይኾን ይችላል።

ለመኾኑ ገዥው ምን ምን ነገሮችን ማየት ይኖርበታል?

የመጀመሪያው መሰኪያው ነው። ገመዱ በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ያለውን ሰፊውን የዩኤስቢ መሰኪያ የሚገጥም ኾኖ፣ ለአዲሱ ላፕቶፕ ታይፕ ሲ አስማሚ ቢኖረው ይመረጣል። "ዩኤስቢ 3.0" የሚል ጽሑፍ ያለው መጻፊያ በዩኤስቢ 2.0 መሰኪያም ይሠራል። ዲቪዲ በ8 እጥፍ ፍጥነት ሲጻፍ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ስለሚያስተላልፍ ዩኤስቢ 2.0 ይበቃዋል። በመኾኑም ለ3.0 ሲባል ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ለዲቪዲ ጥቅሙ አነስተኛ ነው። ከዚያ የቀደመው ዩኤስቢ 1.1 ግን ዲቪዲ ለመጻፍ አቅም ያንሰዋል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊ አምፔር ሲኾን 3.0 እስከ 900 ይሰጣል። መጻፊያው ዲስኩን ማሽከርከር ሲጀምር እና ሲጽፍ ከፍተኛ ኃይል ይፈልጋል። ኃይል ካነሰው ዲስኩ ዞሮ ይቆማል፤ ጽሑፉ በመሐል ከተቋረጠም አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክ ይበላሻል። ስለዚህ ለተጨማሪ ኃይል ኹለት ጫፍ ያለው ገመድ ወይም የራሱ የኃይል መሰኪያ ያለው መጻፊያ ለአሮጌ ኮምፒውተር አስተማማኝ ነው። በዴስክቶፕ ላይ ከፊት ይልቅ ከኋላ ባለው መሰኪያ መሰካትም ይረዳል።

ሦስተኛው ሶፍትዌሩ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ መሣሪያውን ይለየዋል፤ በራሱ መጻፍ የሚችለው ግን ሲዲ ብቻ ነው። ለዲቪዲ እንደ ኔሮ ያለ ፕሮግራም ያሻዋል። ዊንዶውስ 7 እና ከእርሱ ወዲህ የመጡት ዲቪዲንም ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ይጽፋሉ። ኮምፒውተሩ "ዲስኩ እንደ ፍላሽ ያገልግል ወይስ ለሲዲ እና ዲቪዲ ማጫወቻ?" የሚል ምርጫ ሲያቀርብ ሁለተኛውን መምረጥ ይገባል። በዚህ መንገድ የተጻፈ ዲስክ በአሮጌ ኮምፒውተሮችም የመነበብ ዕድሉ ሰፊ ነው።

የዲስኩ ዓይነትም ይታሰብበት። ሲዲ 700 ሜጋባይት፣ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ ደግሞ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። ተቀባዩ ኮምፒውተር ሲዲ ብቻ የሚያነብ ከኾነ ዲቪዲ መላክ ትርፉ ድካም ነው። ብሉ ሬይ መጻፊያ ዋጋው ከፍ ያለ በመኾኑ የብሉ ሬይ ዲስክ ለሌለው ሰው አያስፈልግም። "ሮም" ብቻ የሚል ጽሑፍ ያለው መሣሪያ ደግሞ ያነባል እንጂ አይጽፍም።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት አንድ ባዶ ዲስክ በሱቁ ውስጥ ጽፎ በሌላ ኮምፒውተር ማንበብ ተገቢ ነው። መሣሪያው ከተገዛ በኋላም ቀዳሚው ሥራ አዲስ ዲስክ መጻፍ አይደለም። በየመሳቢያው የተቀመጡት አሮጌ ዲስኮች ለፀሐይ፣ ለሙቀት እና ለእርጥበት በተጋለጡ ቁጥር ይጎዳሉ። በውስጣቸው ያለውን ሳይረፍድ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ ቅጂውንም በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ማስቀመጥ ይቅደም።