የወፍ በሽታው ሲከፋ

ሐዋሳ መሃል ከተማም ሆነ ሌላ ቦታ የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ይባላል፤ ወዲያው የባህል መድኃኒት አዋቂ ይጠቆማል። ብዙዎች በቅጠሉ ዳንን ይላሉ። አልዋሹም፤ ምስጋናው ግን የጉበት ነው። ጉበትን የሚያጠቁት ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሳቸው ይለቃሉ፤ ጉበትም የተጎዳ አካሉን መልሶ ያበቅላል። የሚያስፈራው በድንገት ሥራ ሲያቆም ነው፦ ደም አልረጋ ይላል፣ በሽተኛው ይቃዣል፣ ይደነዝዛል። በእንግሊዝና በአሜሪካ ዋናው መንስኤ ከመጠን ያለፈ ፓራሲታሞል ነው፤ እንደ እኛ ባሉ አገሮች ቫይረሶች ይቀድማሉ። ሄፓታይተስ ኢ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያገኛቸውን ነፍሰ ጡሮች ከ20 እስከ 25 በመቶ ሊገድል ይችላል። «ቅጠል ምን ይጎዳል?» ለሚል፣ አንዳንድ ዕፅዋት ራሳቸው የጉበት መርዝ ናቸው።

«ንቅለ ተከላ አለ አይደል?» የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ ቶማስ ስታርዝል እ.ኤ.አ. በ1963 የመጀመሪያውን የጉበት ንቅለ ተከላ ሲሞክር ታካሚው ሕፃን እዚያው ሞተ፤ ዛሬ በዚህ ድንገተኛ ሕመም ጉበት ከተተካላቸው ከ10 ሰዎች 8ቱ ገደማ ዓመቱን ይሻገራሉ። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረው ግን የኩላሊቱን ነው። ኩላሊት የደከመበት በዲያሊሲስ ተራ ይጠብቃል፤ ጉበትን ለወራት የሚተካ ማሽን የለም፣ ለታካሚው የቀሩት ቀናት ብቻ ናቸው፤ ውጭ አገር ለመታከም ለፓስፖርትና ለቪዛ እንኳ አይበቁም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት የሚሰጠው የሄፓታይተስ ቢ ክትባትና የፈላ ውሃ ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ቅርብ ናቸው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው መቀባጠር ከጀመረ ደግሞ ቅጠሉ ይቅር፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ።